ፊቱን ያዞርኩት የቃሊቲ መጋዘን

ከጉዞው በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ተሾመ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት በር ልጠግን ነው፤ ያም ሆኖ ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ድርጅቶች ቤቱ ሲጠባቸው፣ ሲሞቃቸው፣ ሲጨልምባቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ልኬት የተማርኩት ግንበኞች ሲሳሳቱ እያየሁ። ወፍጮ ቤትን ክሊኒክ፣ ጎማ መሸጫን ቢሮ አድርጌያለሁ። ራሴን ማመስገን አልወድም ብል ውሸት ይሆናል።

ጠዋት፣ ከቱሉ ዲምቱ

የተነሳሁት ለአስቴር ብዬ ነው። ቃሊቲ በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ የሥራ ልብስ የሚሰፉ ሴቶችን ትመራለች። ሥራ ሲበዛ ማሽን ጨመረች፤ ቤቱ ግን አብሮ አልሰፋም። ሙቀቱና ጨለማው ሴቶቹን አስመረራቸው። መላ ካልተገኘ ከከተማ ውጭ ወዳለ ሼድ ልትዛወር ነው። በእግራቸው የሚመጡት እናቶች እዚያ ድረስ መመላለስ ስለማይችሉ ሥራቸውን ያጣሉ። የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ነስሩ ግድግዳ እንዳይነካ ከልክለዋል። ሌላ ተከራይም ስላለ ቁርጥ መልሷን የሚጠብቁት ዛሬ ነው።

የሚኒባሱ ረዳት "አባባ፣ ጠጋ ይበሉ" እያለ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር ላይ አራተኛ አደረገኝ። እሱም ቦታ ማብቃቃት ያውቃል፤ እንደ እኔ ግን አይሆንም። መንገዱ በሲኖትራክ ተጨናንቆ፣ አቧራ ለብሰን ቃሊቲ ወረድን። ፉል በዳቦ በላሁ። ቃሪያው እንባ ያስመጣ ነበር።

መጋዘኑ

አስቴር በር ላይ ጠበቀችኝ። "ጋሽ ተሾመ፣ ዛሬ የምፈልገው ጉራ ሳይሆን መስኮት ነው።"

"ሁለቱንም ይዤልሽ መጥቻለሁ።"

ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመኪና መንገዱን አቧራና ጩኸት ያስገባል። በስተኋላ የጨርቅ ጥቅል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅዎታል?"

"ሴቶቹን የምታስገቢያቸው በጓሮ በር ነዋ! ይህ ቤት የተሠራው ለመኪና አይደለም፤ ለባቡር ነው። በጉርምስናዬ ከፉርጎ ላይ ጆንያ ያራገፍኩት በዚያኛው በኩል ነው። ከጥቅሉ ጀርባ ትልልቅ ተንሸራታች በሮች አሉ። ቆርቆሮ ስለሆኑ ግድግዳ መስለውሽ ነው።"

ይህን ስል ሐጂ ነስሩ ደረሱ። "ጋሽ ተሾመ፣ ግድግዳዬን ሊያፈርሱብኝ መጡ?"

"አንድ ብሎኬት ከነካሁ ያባሩኝ። በር ልከፍት ነው።"

"የቱን በር? እኔ ቤቱን የገዛሁት ባቡሩ ከቆመ በኋላ ነው፤ የማውቀው አንድ በር ነው።"

"የራስዎን።"

"አላህ ያሳይዎ! ቤትዎን ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ ሊሉኝ ነው" ብለው ሳቁ።

ጥቅሉን አነሳን። በሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ በናፍጣና በግሪስ አራስኩት። ሴቶቹ ትከሻቸውን ሰጥተው ገፉ። ንቅንቅ አላለም።

"ይኸው፣ ግድግዳ ነው" አሉ ሐጂ።

ተንበርክኬ ግርጌውን ጫርኩ፤ መቀርቀሪያው አፈር ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁት። መዝዤ አወጣሁና "አሁን!" አልኩ። በሩ እየጮኸ ተንሸራተተ። ብርሃኑ እስከ ወዲያኛው ጥግ ገባ፣ ንፋሱም ተከተለው። አንዷ ልብስ ሰፊ በእጇ የያዘችውን ሱሪ አይታ፣ "ወይኔ! ስሰፋ የዋልኩት ይሄን ቀለም ነው እንዴ?" ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሐጂ ግን "ሌባስ?" አሉ።

"ማታ ከውስጥ ይቀረቀራል። ጨርቁ መኪና ወደሚጭንበት ወደ ጨለማው በኩል ይሂድ፤ ሰው ወደ ብርሃኑ ይምጣ። ከበሩ ውጭ ያለው ባለ ክዳን የባቡር መጫኛ መድረክ ደግሞ ለሕፃናት ማቆያና ለምሳ ይሆናል።"

አስቴር "የከሰዓት ፀሐይ ዓይናቸውን እንዳይወጋ ማሽኖቹ ጎናቸውን ለበሩ ይስጡ" አለች። ልናገር ስል ቀደመችኝ።

ሐጂ መድረኩ ላይ ወጥተው በሩን ራሳቸው ገፋ አድርገው ሞከሩት። ከዚያ፣ "አስቴር፣ የትም አትሄጂም። ያንን ሌላ ተከራይ እኔ እመልሰዋለሁ" አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ማታ፣ ቤት

ቱሉ ዲምቱ ስደርስ ወገቤ ቢያመኝም አንገቴ ቀና ብሎ ነበር። ቤት ከማፍረስ በፊት ለምን እንደተሠራ መጠየቅ እንደሚበጅ እኔ ድሮም አውቅ ነበር፤ ጉዞው ያስተማረው ሌሎቹን ነው። በዚያ ቀን የሠራሁት እነሆ፦

ማንም የማያውቀውን በር ከፈትኩ።
ሐጂን በገዛ ቤታቸው አስደነቅኩ።
ጨርቁን ወደ ጨለማ፣ ሰውን ወደ ብርሃን አዛወርኩ፤ ከአስቴር ጋር ነው እንበል።
አንድም ብሎኬት አላፈረስኩም።
አንዲትም እናት ከሥራዋ አልቀረችም።