ከማኤዳ ኮረብታ የመጣው ድንጋይ

ዙኬራን ሴይጁን አናጢ ነበር። በናሃ ከተማ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ጀርባ ባለው የካራቴ ቤት የስም ሰሌዳውን ለሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀው እሱ ነው። መምህር ሆኖ አያውቅም፤ ልሁን ብሎም አልጠየቀም። ቻጊ ከሚባለው፣ ምስጥ ከማይደፍረው እንጨት የመዳፍ ርዝመት ያላቸው ጣውላዎች ይቆርጣል፣ በብሩሽ ስም ይጽፍባቸዋል፣ በቀኙ ግድግዳ ላይ እንደየማዕረጋቸው ይሰቅላቸዋል።

የቀድሞው ቤት ከነሰሌዳው በጦርነቱ ነዷል። ጦርነቱ ካበቃ በአራተኛው ዓመት፣ ከወታደር ሰፈር በተጣለ ቆርቆሮ ቤቱ እንደገና ሲሠራ፣ የድሮውን ስሞች በሙሉ የሚያስታውስ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። ሴይጁን አርባ ሰባት ስም ከነቅደም ተከተላቸው በቃሉ ጻፈ። ከእነዚህ መካከል አሥራ ሁለቱ በጦርነቱ የሞቱ ነበሩ። ማን የት እንደወደቀም ሰው የሚጠይቀው እሱን ነበር፤ እሱ ያለው የሁሉም እምነት ሆነ።

በዚህ ቤት ተማሪ ሲሞት ስሙ አይወርድም። ወደ ቤቱ የሚገባ ሁሉ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ይላል። መጀመሪያ ለመሥራቹ ሥዕል ነው፤ ከሥዕሉ በላይ የቤቱ ምልክት፣ አንድ ቋጠሮ ያለው የጉድጓድ ገመድ አለ። ገመዱ ያስተማረው፣ ቋጠሮው የተማረው ነው ይላሉ፤ ቋጠሮው ከተፈታ ባልዲው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ስግደት ለስሞቹ ነው፣ ለሞተውም ላለውም። ሠላሳ ሦስተኛው ዓመት ሲገባ ግን የሞተው ሰው የብቻውን ስም ይተውና ከአያቶቹ ጋር ይቀላቀላል። ቤተሰቡ የመጨረሻውን ሥርዓት ያደርግለታል፣ የካራቴ ቤቱም የስሙን ጣውላ አውርዶ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ለብቻው የሚጠራው የለም። በእሱ ነገር የተጣመመ ካለ የሚቃናው ከዚያ በፊት ነው።

የአሥራ ሁለቱ ሠላሳ ሦስተኛ ዓመት በዚያ ዓመት የዝናብ ወር ማብቂያ ላይ፣ እሑድ ቀን ዋለ።

«አሥራ ሁለቱንም የምታወርደው አንተ ነህ» አለው የካራቴ ቤቱ መምህር ኢሺሚኔ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። «ብቻ እንዳታለቅስብን። ወጣቶቹ ይስቁብሃል።»

«እኔ አልቅሼ አውቃለሁ እንዴ?»

«አላየሁህም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

ሴይጁን ሳቅ ሊል ሞከረ። ዓይኑ ግን ከላይኛው ረድፍ ሦስተኛው ጣውላ ላይ ነበር። ታማዮሴ ቾኬን።

ቾኬን በሞተበት ዓመት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ሴይጁን ሃያ አምስት። አብረው ተመለመሉ፣ ጥይት እንዲሸከሙ። የቤቱን ረጅሙን ስልት እንደ ቾኬን አድርጎ የሚሠራ አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ ሲቆም እግሩን ሁለት ሰው ገፍቶ አያነቃንቀውም። ሴይጁን ለቾኬን እናት ለእማማ ካማ የነገራቸው፣ ልጃቸው በግንቦት መጀመሪያ ማኤዳ ኮረብታ ላይ በመድፍ እንደተመታና ሳይሰማው እንደሞተ ነው። እናቲቱ አጥንቱ ባይገኝ ከወደቀበት ቦታ ድንጋይ አምጣልኝ አሉት። አጥንት ያጣ ቤተሰብ ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ድንጋዩ በአጥንት ፋንታ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ መቃብር ይገባል። ሴይጁን ማኤዳ ወጥቶ የቡጢ ያህል ነጭ ድንጋይ አመጣላቸው። ለሌሎች ሦስት ቤተሰቦችም እንዲሁ አመጣ። የእነዚያ ሦስቱ ትክክለኛ ቦታቸው ነበር።

ቾኬን ግን ማኤዳ ላይ አልሞተም። ሁለቱም ከዚያ በሕይወት ወርደው በዝናቡ ወደ ደቡብ ሸሽተዋል። ከባሕሩ በላይ ባለ ዋሻ አጠገብ የመድፍ ፍንጣሪ የቾኬንን ጭን ሰበረው። ሴይጁን ጎትቶ አስገባው። ዋሻው ውስጥ ጅረት ነበር፤ ደረቅ ቦታ ስላልነበረ ድንጋይ አስደግፎ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ አስቀመጠው። «ሰው ይዤ እመለሳለሁ» ብሎት ወጣ። በሁለተኛው ቀን ባሕር ዳር እጁን ሰጠ። አሜሪካኖቹ በአስተርጓሚ «ዋሻ ውስጥ የቀረ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት። ብናገር እሳት ይለቁበታል ብሎ ፈራ፣ ወይም ያን ፈራሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። «የለም» አለ። በሳምንቱ የዋሻው አፍ በፈንጂ ተዘጋ።

ስሞቹ የሚወርዱበት እሑድ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቾኬን ታላቅ እህት ወደ ናቤ ሄደ። ናቤ ቶፉ እየሠራች ገበያ የምትሸጥ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። እናቲቱ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ናቤ ደጃፉ ላይ አኩሪ አተር ትለቅም ነበር።

«መጣህ ደግሞ! ያ የጠገንከው በር ዛሬም እንደኔ ወገብ ያቃስታል። አናጢ ነኝ ብለህ ትሄዳለህ እንጂ።»

«እትዬ ናቤ፣ ለበሩ አይደለም የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምንድነው? ፊትህ እንደረጋ ወተት ሆኗል። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። ቆሞ ነገራት፤ ዋሻውን፣ ጅረቱን፣ የአስተርጓሚውን ጥያቄ፣ ድንጋዩን። ሳያስተካክል፣ ሳያሳምር ነገራት። ስትሰማው እጇ አተሩን መልቀም አላቆመም። ሲጨርስ ግን ሰፌዱ ላይ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ ደባልቃው እንደነበር አየች።

«እናቴ ምን ትል ነበር?» አለችው።

ዓይኑን ሰፌዱ ላይ ተከለ።

«ምን ትል ነበር ነው የምልህ!»

«እግሩ ረጥቧል ይሉ ነበር።»

እማማ ካማ በየዝናቡ ወቅት ከሙታን ጋር ወደምትነጋገረው ሴት ይሄዱ ነበር። ሴትዮዋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትነግራቸዋለች፤ ልጅሽ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው፣ ብርድ ብርድ ይለዋል። እናቲቱ ደረቅ የሣር ጫማ እየገዙ በካራቴ ቤቱ በልጃቸው ስም ፊት ያኖሩ ነበር። ዘመድ ይስቅባቸዋል፤ ማኤዳ የኖራ ድንጋይ ነው፣ እንኳን ጅረት ጤዛም አይይዝ።

«አንተስ ምን አልካት?»

«ማኤዳ ደረቅ ነው እማማ፣ አልኳቸው።»

«አንዴ?»

«በመጡ ቁጥር።»

ናቤ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እኔ ደግሞ ጫማውን ከእጇ ነጥቄ መንገድ ላይ ወርውሬዋለሁ። ሰው ፊት አሳፈርሽን ብዬ። ዝናብ እየዘነበ ወጥታ ስትለቅመው በር ላይ ቆሜ አየኋት። አንተን አምኜ ነው። ‹ሴይጁን አይቷል፣ አንቺ ከሴይጁን ታውቂያለሽ?› አልኳት። ይቺን ቃል ይዛ ነው የሞተችው።»

«ይቅር በይኝ አልልሽም እትዬ።»

«አትበል። ብትልም የምሰጥህ የለኝም።» ቀና ብላ አየችው። «ሲጠራህ ሰማኸው? ስትወጣ?»

«ሰማሁት።»

«ምን አለ?»

«‹ጫማህን ተውልኝ› አለኝ። የሱን ጫማ ውሃው ወስዶበት ነበር። እኔ መንገዱ ድንጋይ ነው ብዬ... ይዤው ሄድኩ።»

 ጎረቤት ያለው ሬዲዮ ስለ ማዕበል ያወራል። ናቤ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«የቾኬን ስም አይወርድም። ያልተቀበረ ሰው አልሸኝም። እሑድ አንተ ትናገራለህ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት፣ የማንም ስም ሳይወርድ።»

«የሌሎቹን ቀን ላበላሽባቸው ነው?»

«የእናቴን ዓመታት ስታበላሽ ያልጨነቀህ ሰው ዛሬ ስለ አንድ ቀን ይጨነቃል! ትናገራለህ አልኩህ። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፣ ያን ጊዜ ደግሞ እንደኔ አፍ ነው የሚሆነው።»

እሑድ ጠዋት የአሥራ ሁለቱም ቤተሰብ መጣ። የሩዝ ኬክ፣ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋና አረቄ በሥዕሉ ፊት ተደረደረ። ተማሪዎቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ተንበረከኩ። ሁለቱ ስግደቶች ተደረጉ። መምህር ኢሺሚኔ «ሴይጁን» ብሎ ሲጠራው፣ ወደ ሰሌዳው መሄድ ሲገባው ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ መሬት ላይ ተንበርክኮ ተናገረ። አጭር ነበር። ናቤ ከጎን ተቀምጣ እየሰማች አንዴ ብቻ አረመችው፣ እማማ ካማን «በየዓመቱ» ዋሸኋቸው ማለት ሲገባው «አንዳንዴ» ሲል።

 ከዚያ ጋናሃ ጹሩ የተባለች ባልቴት፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ከመሀል ተነሣች። ከማኤዳ ድንጋይ ካመጣላቸው ሦስቱ ቤተሰቦች አንዷ ናት።

«የኔ ባልስ?»

«የሱ እውነት ነው እትዬ ጹሩ። ሲወድቅ አጠገቡ ነበርኩ። ድንጋዩንም ከወደቀባት ጉድጓድ ነው ያነሣሁት።»

«ለካማም እንዲህ ብለህ ነበር?»

«አዎ።»

«በዚሁ ድምፅ?»

ሴይጁን አንገቱን ደፋ። «በዚሁ ድምፅ።»

«ሌላ ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ መምህር ኢሺሚኔ። ድምፁ ልመና ይመስል ነበር። «ከእናንተ ጋር ማኤዳ ከነበሩት አንድ ሰው?»

«ሁሉም እዚያ ላይ ናቸው» አለ ሴይጁን፣ በአገጩ ሰሌዳውን እያሳየ።

«እምልልሻለሁ እትዬ ጹሩ...» አለ ወደ ባልቴቷ ዞሮ።

«ተው!» አለችው። «አትማል። ብትምል ደግሞ ማሰብ እጀምራለሁ።» ያመጣችውን የሩዝ ኬክ ከሥዕሉ ፊት አነሣች፣ በጨርቋ መልሳ ቋጠረችው። ቋጠሮው እምቢ ብሏት ሁለት ጊዜ ፈታችው። የሌሎቹ ሁለት ቤተሰቦች ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና ተከትለዋት ወጡ። ናቤ አልተከተለቻቸውም፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደተቀመጠች ቀረች።

«የቀሩትን አውርድ» አለ መምህሩ።

ስምንት ነበሩ። ሴይጁን መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፤ እያንዳንዱን ጣውላ ከሚስማሩ አላቀቀ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ወርዶ በሁለት እጁ ሰጠ። የእነዚህ ስምንቱ አሟሟት ከእሱ ቃል ሌላ ምስክር ነበረው፤ አንዱ በሆስፒታል፣ ሌላው በመርከብ፣ ሌሎቹ ሰው እያየ የሞቱ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ጣውላውን ሲቀበል ማንም ወዲያው ወደ ደረቱ አላስጠጋውም። እያንዳንዱ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ የተጻፈው የሰውየው ስም መሆኑን መጀመሪያ አነበበ።