ጭንቀት የሌለበት መስመር

እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ውስጥ በአንድ የእጅ ቅባት ፋብሪካ ሥራ በጀመርሁበት ቀን የፈረቃው ኃላፊ ሪታ እስከ አሥራ ሁለት መቁጠር እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እችላለሁ አልኋት። አንድ ካርቶን አሥራ ሁለት ጠርሙስ ይይዛል። የምስክር ወረቀቴን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ሰማያዊ ቆብና ጓንት ሰጥታ ፓሱ አጠገብ አቆመችኝ።

ፓስ የምንለው ጠርሙሶቹን ተሸክሞ የሚሄደውን ቀበቶ ነው። አንዷ ክዳን ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ ታጠብቃለች፣ ሦስተኛዋ ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች። የምንሠራው ቆመን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ መለያው በጠርሙሱ ላይ ቀጥ ብሎ መለጠፉን ወደሚታይበት ጠረጴዛ ተዛወርሁ። ጠረጴዛው ወንበር ነበረው። በመስመራችን ሌላ ወንበር አልነበረም።

ስድስት ሴቶች ነበርን፣ ሁላችንም ከጎንደር የመጣን። ዕብራይስጥ የማነበው እኔ ስለነበርሁ ወረቀት በመጣ ቁጥር ለሁሉም አነባለሁ። ታላቃችን እትዬ በለጡ ክዳን አጥባቂ ነበሩ። ለጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀር ቀኝ እጃቸው ያብጥ ጀመር። በጨርቅ ጠቅልለው ጓንቱን ከላይ ያጠልቁበታል። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጡረታ ሳይደርሱ መባረር።

በዚያ ሰሞን አስተዳደሩ ስለ ሥራ ጭንቀት የሚያስተምር ወጣት አመጣ። የተጨነቀ ሠራተኛ ይታመማል፣ የታመመ ከሥራ ይቀራል፣ ሠራተኛ በቀረ ቁጥር የአገሪቱ ኢኮኖሚ ይጎዳል አለን። ትንፋሽ እንዴት በቀስታ እንደሚሳብም አሳየን። ትምህርቱ የተሰጠው በምሳ ዕረፍታችን ስለነበር ምሳችንን እየጎረስን ሮጠን ወደ ፓሱ ተመለስን።

ቀጥሎ ሼኤሎን መጣ፣ መጠይቅ ማለት ነው። ከአንድ እስከ አምስት ይሞላል፤ አንድ ማለት ጭንቀትም ሕመምም የለብኝም፣ አምስት ማለት በጣም አለብኝ። ስም አይጻፍበትም ተባለ። የሠራተኛ ቁጥር ብቻ።

ለእያንዳንዷ እያነበብሁ ሞላሁ። ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። በእኛ ወግ ደህና ነሽ ወይ ላለ ባዕድ ሕመም አይዘረገፍለትም። አንዷማ ሱዳንን በእግሯ ያቋረጠች ሴት በጠርሙስ ክዳን ትጨነቃለች ወይ ብላ አሳቀችን። እትዬ በለጡ ዘንድ ስደርስ እጅዎን ያምዎታል ወይ አልኋቸው።

"በሰደር፣ ደህና ናት ብለሽ ጻፊው፣ እህቴ" አሉኝ። "ገመናዬን ለማን ላሳይ?"

አንድ ብዬ ጻፍሁ። የደም ግፊት ኪኒን እየዋጥሁ ለራሴም አንድ ጻፍሁ።

ውጤቱ ሲወጣ ከፋብሪካው ሁሉ የተረጋጋው መስመር የእኛ ሆነ። የምስጋና ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቀለልን፣ ቸኮሌትም ታደለን። በሚቀጥለው መስመር ያሉት ሴቶች ግን ከወገባቸው ጀምረው እስከ አምፖሉ ድረስ ሁሉን አማርረው ጽፈው ኖሮ ወንበር ተገዛላቸው። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ መጣና ጭንቀት ስለሌለብን የፓሱ ፍጥነት እንደሚጨመር ነገረን። ሪታ ለእናንተ ወረቀት፣ ለእነሱ ወንበር ብላ ማሽኑን አስነሳች።

የእትዬ በለጡ እጅ አንድ ወር እንኳ አልቆየም። አንድ ጧት ክዳኑን ማዞር አቃታቸው። ጠርሙሶቹ እየተገፋፉ ወደቁና ወለሉ ቅባት በቅባት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስጠራቸው፤ እኔም ላስተረጉም አብሬ ገባሁ። ቅጹን አወጣ። እጄን አያመኝም ብላለች፣ ዛሬ የምታመካኘው ሥራው ሰልችቷት ነው፣ የማትችል ከሆነ ትሂድ አለ። እትዬ በለጡ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። አልተረጎምሁላቸውም።

"ጽሕፈቱ የእኔ ነው" አልሁት። "እሳቸው እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ እኔ አንድ ጻፍሁ።"

"ታዲያ የዋሸው ማነው? አንቺ ወይስ እሷ?"

"ማንም አልዋሸም። ሁለታችንም ጨዋዎች ነን።"

በሩ ላይ የቆመችው ሪታ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ግን አዲስ ቅጾች ሰጠኝና እስከ ምሳ ሰዓት አስሞልቼ እንዳመጣ አዘዘኝ።

በዚህኛው ጊዜ የቅጹን ጥያቄ አላነበብሁም። ድስቱን ከምድጃ የሚያወርደው ማነው፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ፣ በር የምትከፍቺው በየትኛው እጅሽ ነው እያልሁ ጠየቅሁ። እንደ ጨዋታ ጀምረው ማቆሚያ አጡ። ያች ሱዳንን ያነሳችው ሴት ከአውቶቡስ ወንበር ለመነሳት የሰው እጅ እንደምትይዝ ነገረችኝ። እትዬ በለጡ "ፀጉሬን የምታበጥርልኝ ምራቴ ናት" አሉኝ። ሁሉንም በየቅጹ ጀርባ ጻፍሁት። ፓሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። የአገሪቱ ኢኮኖሚ በዚያ ሰዓት ምን እንደደረሰበት አላውቅም።

ቅጾቹን ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት፤ ካነበበ በኋላ ፍጥነቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እትዬ በለጡ ግን ወደ ፓሱ መመለስ አይችሉም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ተቀምጦ የሚሠራ ቦታ የለኝም አለ። አንድ አለ አልሁት። ማንበብ አትችልም አለ። ጠማማ መለያ ለማየት ፊደል አያስፈልግም አልሁት። እሳቸው የጠረጴዛዬ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ክዳን ማጥበቅ ያዝሁ። ሁለቱን ዓመት ጨርሰው ጡረታቸውን አስከብረው ወጡ።

እኔም አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የቀኝ እጄ ጣቶች እስከ መጨረሻ አይታጠፉም።

በሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ቅጽ ሲመጣ የሚያማችሁን ጻፉ። ለሌላ ሰው የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እጇን እዩ።