ሐጂ ያዩት ካይሮ

ካይሮን ለሁለት ቀን ልጎበኝ መጥቼ፣ አንድ አሮጌ መስጊድ በር ላይ የዓሣ ጥብስ ሲሸተኝ አጎቴ ሐጂ ይመር ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሐይቅ ከተማ። አጎቴ ከሐጅ የተመለሱት አብረዋቸው ከሄዱት ሰዎች በሳምንት ዘግይተው ነበር። ልጃቸውን ሰይድን ካድሬዎች እያሳደዱት ከቤት ከጠፋ ወራት አልፈውታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይውል ሳያድር መጣ።

«ሐጂ፣ የት ቆዩ?»

«ካይሮን ልይ ብዬ። መስጊዱ በሩ ላይ ሐይቅ አለው፤ ታንኳ ሲመላለስበት ይውላል።»

ሰውዬው ዓይናቸውን ትክ ብሎ አይቶ ወጣ።

እኔም ጠርጥሬያለሁ። አጎቴ ሳይምሉ ወሬ አይጀምሩም፤ የዚያን ቀን ግን አንዴም «ወላሂ» አላሉም። ከሐጅ የመጣ ሰው ሽቱ ሽቱ ይላል፤ የእሳቸው ጋቢ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ሚስታቸው በሩን ዘግታ፣ «ልጄ ይበላል?» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«አርዲቦ ሐይቅ ዳር ዓሣ አይጠፋም» አሉ።

ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ አስጎብኚው ዙሪያዬን ስቃኝ አይቶ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«እዚህ በር ላይ ሐይቅ ነበረ?» አልኩት።

ሳቀ። «ወላሂ፣ ኖሮ አያውቅም!»