ማሻአላህ ያልተባለለት ሪሲቨር

መካነ ሰላም ቀን ከሌት መብራት ማግኘት ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ከገቡት ዕቃዎች ሁሉ ባለቤቴ የሚኮሩት በሪሲቨሩ ነበር። የሳተላይቱን ማለቴ አይደለም፤ ያ ኋላ የመጣ ነው። ይህኛው ከባድ ጥቁር ሣጥን ነው። ራዲዮ አለው፤ የካሴት ማጫወቻውና ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎችም በእሱ በኩል ነው የሚሠሩት። እሱ ካልበራ ሁሉም ዝም ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ማብሪያውን ብጫነው ዝም አለ።

እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ልትዳር ነው። ጎረቤቴ ባሏ የሞቱባት፣ ከእኔ ጋር በአንድ አጥር ሃያ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ባሏ መንዙማ አዋቂ ነበሩ፤ አንድ የመውሊድ ሰሞን ባለቤቴ እኛ ቤት አስቀምጠዋቸው ድምፃቸውን በካሴት ቀድተውታል። አባትየው መንዙማውን ሲጨርሱ ለልጆቻቸው ዱዓ አድርገዋል። እናትየው የፈለገችው ይህን ዱዓ ነው፤ ልጂቱ እንደ ማንኛዋም ሙሽራ በአባቷ ተመርቃ እንድትወጣ። ካሴቱ አንድ ብቻ ነው። የሰው ቴፕ ካሴት ይበላል ብላ ለማንም አታምንም። “የናንተው ይሁን” ስትለኝ “ይሁን” ብያታለሁ።

ባለቤቴ መጥተው ሣጥኑን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱት።

“አይምቱት እንጂ” አልኩ።

“ሲመቱት የሚነሣ ዕቃ አለ።”

“እሱ በቅሎ ነው።”

ጎረቤቴ ድምፃችንን ሰምታ ገባች። ነገሩን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ “ዐይን ነው” አለች። “ያ ከወግዲ የመጣው እንግዳችሁ አፉን ከፍቶ ሲያየው ነበር። ማሻአላህ አላለም፤ ሰምቼዋለሁ።”

“ያልተባለ ነገር እንዴት ይሰማል?” አሏት ባለቤቴ።

“እኔ እሰማለሁ፣ አያ።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና ቀስ ብላ “ለእሑድ ይደርሳል፣ እቴ?” አለችኝ።

“አብሽሪ” አልኳት። አይዞሽ ማለት ነው፤ ቃሉን የተማርኩት ከእሷው ነው።

ራዲዮ ጠጋኙ ለገበያ ደጎሎ ሄዷል፤ እስከ ማክሰኞ አይመለስም። ደሴ ቢላክ ደርሶ መመለሱ ያጠራጥራል። እኔ ደግሞ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። የፊዚክስ መምህራችን “ኤሌክትሪክ እንደ ውሃ ነው፤ ሲቋረጥ ከምንጩ ጀምራችሁ ተከተሉት” ይሉን ነበር። ከቀለም ትምህርቴ ብዙው ሲጠፋ ይህቺ ቀርታለች።

ከግድግዳው ሶኬት ጀመርኩ። ካውያ ሰካሁበት፤ ጋለ። እንግዲህ ምንጩ ደህና ነው። የሪሲቨሩን ገመድ ነቅዬ አስቀመጥኩና ከኋላው ፊውዙን አወጣሁ። ከእጅ ባትሪ ላይ ድንጋዩንና አምፖሏን አንሥቼ፣ በሽቦ አያይዤ፣ ፊውዙን መሐል አስገባሁት። አምፖሏ ፈዘዝ ብላ በራች። ፊውዙም ደህና ነው። ገመዱን በዚያው መንገድ ሞከርኩት፤ እሱም ደህና ነው።

“እንግዲህ ያለው ውስጥ ነው” አልኩና ካቻቪቴ ጠየቅሁ።

ባለቤቴ ካቻቪቴውን ሰጡኝ እንጂ ሲፈታ ማየት አልፈለጉም፤ ወደ ደጅ ወጡ። ክዳኑን አነሣሁት። ከአቧራው በቀር ሁሉም እንደ ነበረ ይመስላል። ማብሪያዋን በመርፌ ፈልቀቅ ሳደርጋት ግን ሁለቱ መዳቦች በሚነካኩበት ቦታ ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳኖች ተጠቅጥቀው ሞተው አየሁ። ተጫንን ተጫንን ስንል እነሱን ነበር የምንጨፈልቀው።

“ጉንዳን ብረት ይበላል?” አለች ጎረቤቴ።

መልሱን ከእሷ ቀድሜ ነው ያገኘሁት። የክዳኑ ቀዳዳዎች ጠርዝ ላይ ጣቴ ተጣበቀ። ለፋሲካ የሠራሁትን ዳንቴል ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ ነክሬ፣ ሳይደርቅ ሪሲቨሩ ላይ ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ዝም ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ግን እንግዳው በከንቱ መታማቱ ከነከነኝና ነገርኳት።

ጎረቤቴ አልተቆጣችም። “እንግዲያ ማሻአላህ ያላልሽው አንቺ ነሽ” አለች።

ባለቤቴ በመስኮት በኩል “ለእኔ ሻይ ከሁለት ማንኪያ በላይ ሲከለከል፣ ለዕቃው ነጻ ነዋ” አሉ።

ጉንዳኖቹን በመርፌ ጠራረግሁ፤ የደረቀው ስኳር ግን አልለቅ አለ። ከመደርደሪያው የአረቄ ጠርሙስ አወረድኩ። ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ።

“ዱዓ በሚሰማበት ዕቃ ላይ አረቄ?”

“ታዲያ በምን ላጽዳው? በውሃ ይዝጋል።”

አሰበችና ሄደች። ከመድኃኒት ቤት አንዲት ብልቃጥ አልኮል ይዛ ተመለሰች። “ይኼ መርፌ ሲወጉን የሚቀቡን ነው። መድኃኒት ነው።” ሁለቱ አንድ ዘር መሆናቸውን አልነገርኳትም። ሽታውን ግን ባለቤቴ ከደጅ ሆነው አወቁት፤ “ማን ነው ሳይጠራኝ የሚጠጣ?” አሉ።

መዳቦቹን አጸዳሁ፤ ማብሪያዋን ገጠምኩ፤ ክዳኑን መለስኩ። ገመዱን ሰክቼ ስጫነው ቀዩ መብራት ቦግ አለ። ጎረቤቴ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ “አልሐምዱሊላህ” አለችና ወዲያው ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ብዙ ሥራ ነበረባት።

እሑድ ከሰዓት የሙሽራው ወገን ከከላላ በበቅሎ ገባ። ሪሲቨሩ ዳሱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ማንንም አላስነካም። የሚበላውን ባለቤቴ አመጡልኝ። ሙሽሪት ለመውጣት ስትነሣ እናቷ ዐይኗን ወደ እኔ ላከች። ተጫንኩት።

መንዙማው አለቀ። የአባትየው ዱዓ መጣ፤ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ከከላላ የመጡት ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን። በየዐረፍተ ነገሩ ሰዉ “አሚን” ይላል። ዱዓው አለቀ ስንል ያው ድምፅ ትንሽ ቆየና “አሁን ተቀዳ?” አለ።

ሰዉ ሁሉ “አሚን” አለ።

ካሴቱ ላይ የባለቤቴ የጎልማሳነት ድምፅ “ተቀድቷል፣ ተቀድቷል” ሲል ተሰማ። በዓይነ ርግቧ ሥር የሙሽሪት ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እናቷ ጉንጯን ሳመቻት፤ ሙሽሪትም በቅሎዋ ላይ ወጣች።