የኢክራም ኪሎ

ዛሬ አማቴ የነርሷን አፍ በእጃቸው ያዙት። ወላሂ!

ልጃችን ኢክራም በሰባት ወር ነው የተወለደችው። ለክትትል ከኮምቦልቻ ደሴ ወስደናት ነበር። ነርሷ ሚዛን ላይ አስተኛቻትና ደስ ብሏት ኪሎዋን ጮክ ብላ ልትናገር ስትል አማቴ ደረሱባት።

«ሰው በሞላበት? ማሻአላህ በይና በጆሮዬ ንገሪኝ!»

ነርሷ እየሳቀች በጆሯቸው ነገረቻቸው። እኔ አባትየው የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ነው።

አልፈርድባቸውም። መጀመሪያ ከሆስፒታል እንደወጣን አንዲት ጎረቤት «ወፈረች» ባለች ማግስት ኢክራም ትንፋሽ አጥሯት ተመልሰን ሆስፒታል ተኝተናል። ሐኪሙ ጉንፋን ነው ቢልም አማቴ ጎረቤቲቱን እስከ ዛሬ አልማሯትም።

ስትወለድ የእኔን ጫማ አታክልም ነበር። ደሴ ሆስፒታል ነርሶቹ «ደረትህ ላይ አድርገህ አሙቃት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከፋብሪካ ስወጣ በቀጥታ ደሴ ነበር የምሄደው። ባለቤቴ ሰዓዳ አረፍ እንድትል ኢክራምን እቀበላትና፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ የሥራ ጋዋኔን እቆልፍባታለሁ። ድመት የደበቅኩ ነበር የምመስለው።

ቤት ከገባንም ልማዱ አልቀረም።

«ፌስቡክ ላይ እንዳትጽፍ» ስለተባልኩ ኪሎዋን አልነግራችሁም። ግን አሁን ከደሴ ተመልሰን እንደ ልማዳችን ደረቴ ላይ አድርጌያት ጋዋኑን ልቆልፍ ብል፣ ቁልፉ አልደርስ አለ።

ማሻአላህ በሉ።

ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እናንተስ ማደጉን በምን አወቃችሁ? ኪሎ ብቻ እንዳትጽፉ፤ አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ኮሜንቱን እያስነበቡኝ ነው።