ሸክላ ያማረው ዛር

ትናንት ከሰዓት የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ የካሪቢያን ሙዚቃ ስትከፍት ወገቤ ሳያማክረኝ ተነሳ... «እማማ! ይሄን ደግሞ የት ለመድሽው?» አለች። እንግዲህ ጻፊልኝ አልኳት፤ ይኸው ልናዘዝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ዳንግላ። ገና አዲስ ሙሽራ ነኝ። ባሌ ውቤ የጊዮርጊስ ማኅበር ሙሴ፣ ማለት አለቃ፣ ስለነበር ጭፈራ በቤታችን እርም ነው። እኔ ደግሞ ጭፈራ ነፍሴ! ከአጥራችን ማዶ ከካሪቢያን ደሴት የመጣ ጥቁር አስተማሪ ነበር። ግራማፎኑን ሲከፍት አጥሩ ላይ ተለጥፌ እሰማለሁ።

አንድ ቀን «ምን እያለ ነው የሚዘፍነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከበሮ ሲመታ ሴትዮዋ ላይ መንፈስ ይሰፍራል። ባሏ ነጭ ዶሮና አረቄ እስኪያቀርብ ትጨፍራለች። እኛ አገር እንዲህ ነው» አለኝ።

ወይ ጉድ! ለካ ዛር ባሕር ማዶም አለ...

በማግስቱ የግራማፎኑ ሸክላ መዞር ሲጀምር መቀነቴን ጠበቅ አደረግሁና አጓራሁ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ።

«ጠበል ነው መድኃኒቷ! ነገ በጠዋት እወስዳታለሁ» አለ ውቤ።

የክረምት ጠበል... ገና ሳስበው ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። እሱንም የዛር ነው አሉልኝ።

ጎረቤታችን እትዬ የሺ ግን ደረሱልኝ። «ቆይ እንጂ ልጄ፣ መጀመሪያ ዛሩ ይጠየቅ! ማነህ? ምን አማረህ?»

«ሸክላ!» አልኩ።

«እህ! ሽቶ የሚያምረው አውቃለሁ፣ ጥቁር ዶሮ የሚያምረው አውቃለሁ... ይሄስ ትከሻውን ትቶ በወገብ ነው የሚጨፍረው። የኛ አገር ዛር አይደለም!» አሉ እትዬ የሺ።

ውቤ ፊቱን አጥቁሮ ሄዶ አስተማሪውን ለመነው። ከዚያ ወዲህ ዛሩ በተነሳ ቁጥር ሸክላ ይከፈትልኛል። ውቤ ጥግ ይዞ ያየኛል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም!

ከጊዜ በኋላ አስተማሪው ተዛወረ። አለቀልኝ ብዬ ስነፋረቅ፣ ጋሪው ሻንጣውን ጭኖ እንደወጣ ውቤ ግራማፎኑን ታቅፎ ገባ። አላስቻለኝም።

«ውቤ... ዛር የለብኝም። ዋሽቼህ ነው።»

«አውቃለሁ። ዛር የሚነሳበት ሰው አስቀድሞ መቀነቱን አያጠብቅም» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

በሩን ዘጋና የግራማፎኑን እጀታ ማዞር ጀመረ። «ቀስ በይ፣ ማኅበርተኞቹ እንዳይሰሙ... በይ ያንን የወገቡን አስተምሪኝ።»

እኔስ በዛር አመካኘሁ... ሙሴው በማን አመካኝቶ ነው እንደዚያ ወገቡ የተፈታው?