ከባሕር ላይ የሚጠራ ስም

እንግዳው በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ባሉት የሃይዳ ግዋይ ደሴቶች የሚቆይበትን ሳምንት ሊያቅድ ካርታውን የዘረጋው በሮዌና እናት ፊት ነበር። ካፖርቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው፤ የቀረበለትን በጭስ የደረቀ ዓሣ «ብላ» እስኪሉት ድረስ አልነካም። ጎብኚዎችን በጀልባዋ ስታመላልስ የኖረችውን ሮዌናን ይህ ጨዋነቱ አስከፋት።

«አሮጌው መንደር ስትደርስ ዘለህ እንዳትወርድ» አሉት እናትየው። «ጀልባው ላይ ሆነህ፣ እንድትወርድ እንዲፈቅዱልህ ለመንደሩ ጠባቂዎች ስምህንና የእናትህን ስም ጥራ። እኛ ዘንድ ሰው የእናቱ ነው።»

«እናቴን አላውቃትም» አለ ካርታውን በጣቱ እየዳበሰ።

«እንግዲያው የእኔን ጥራ፣ ልጄ።»

«ቤቱንም ጨምሪለት እንጂ፣ እማ» አለች ሮዌና።

«አንቺ ስሜን መቼ ጠርተሽ ታውቂያለሽ? እንደ ጓሮሽ ዘለሽ አይደል የምትወርጂው?»

በማግስቱ ሮዌና ከመንደሩ ዳርቻ ፊት ለፊት ሞተሩን አጠፋች። እንግዳው ቆቡን አውልቆ ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ሳይከፍት ሮዌና ብድግ ብላ የራሷንና የእናቷን ስም ጮኻ ጠራች። ያስጠራት ቅናት እንጂ አክብሮት አልነበረም። እንግዳው ግን ቆቡን እንደያዘ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ የሚጠራውም ያንኑ የእናቷን ስም ነው።